የጨው ቋጠሮና የሩዝ ከረጢት፦ ለማሳጅ የሚሆኑ ዕቃዎችን በቤት መስፋት

ባለፈው ስለ ወገብ ሕመም ከጻፍኩ በኋላ በውስጥ መስመር ተመሳሳይ ጥያቄዎች ጎርፈውልኛል። «ዶክተር፣ የእናቴን ወገብ በምን ላሙቅላት?» «ባለቤቴን ቤት ውስጥ ላሻት ፈልጌ ነበር፤ ምን ያስፈልገኛል?» አንዷ ደግሞ ትንሽ የማሳጅ ቤት ልትከፍት አስባ የዕቃው ዋጋ ሲያስደነግጣት «ትራሱንና ማሞቂያውን ራሴ ልስፋው ይሆን?» ብላ ጽፋልኛለች። አዎ፣ ራስሽ ስፊው። አብዛኛው ነገር በአቡጀዲና በሩዝ የሚሠራ ነው። ግን አሰፋፉን ከማሳየቴ በፊት ከየት እንደተማርኩት ልንገራችሁ፤ የሕክምና ትምህርት ቤት አላስተማረኝም፤ የተማርኩት አርብ ገበያ ነው።

አርብ ገበያ ደቡብ ጎንደር፣ ታች ጋይንት ውስጥ ያለች ከተማ ናት። ስሟ እንደሚናገረው አርብ አርብ ከቆላውም ከደጋውም ሰው ይጎርፍባታል። ሰዉ የሚመጣው እህሉን ተሸክሞ ወይም አህያውን እየነዳ፣ ዳገትና ቁልቁለት በእግሩ ወርዶና ወጥቶ ነው። እዚያ በሠራሁበት ጊዜ ቅዳሜ ጠዋት ተመላላሽ ክፍሉ «ወገቤን»፣ «ጉልበቴን»፣ «ትከሻዬን» በሚሉ ሰዎች ይሞላ ነበር። ወደ እኛ ከመምጣታቸው በፊት ደግሞ ብዙዎቹ ወጌሻ ዘንድ ደርሰው ነው የሚመጡት። ይህን እንደ ጥፋት አልቆጥረውም፤ ቅርብ ያለው እሱ ነው።

አንድ ቅዳሜ ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የሚጠጉ እናት በልጃቸው ተደግፈው ገቡ። ግራ እግራቸው በነጠላ ተጠቅልሏል። ስፈታው ከጣቶቹ ሥር እስከ ተረከዙ መሀል የደረሰ ቃጠሎ አየሁ፤ ዙሪያው ቀይ፣ መሀሉ ነጭ። ነጩን በመርፌ ጫፍ ነካሁት። ዝም አሉ። «አያምዎትም?» ስላቸው «ኧረ ምንም» አሉኝ። የደም ስኳራቸውን ስለካ 340 ሆነ። ስኳር እንዳለባቸው እስከዚያች ቀን አያውቁም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እግራቸው ለወራት ሲደነዝዛቸው፣ ማታ ማታ ሲበርዳቸውና ሲለበልባቸው ቆይቷል። ጉልበታቸውን የሚያሹላቸው ወጌሻ ደግሞ ጨው በምጣድ አግሎ በጨርቅ ቋጥሮ መያዝን አሳይተዋቸዋል። እሳቸውም ለጉልበት የተነገራቸውን ለእግራቸው አዋሉት፤ ቋጠሮውን እግራቸው ላይ አስረው ተኙ። ወደ ሌላ ሆስፒታል ልከናቸው ከሳምንታት በኋላ ሲመለሱ ሁለት ጣት ጎድሏቸው ነበር።

ተናድጄ ነበር። በሚቀጥለው አርብ ወጌሻዋን ፈልጌ ሄድኩ። እልህ ይዞኝ፣ ነጭ ጋዋኔን እንኳ ሳላወልቅ (ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል)። ሰው «እማማ» የሚላቸው፣ መዳፋቸው እንደ ወንድ ገበሬ የሰፋ፣ ቀጫጭን ሴት ናቸው። አንድ ሰው በደረቱ አስተኝተው ትከሻውን በቅቤ እያሹ ነበር። ቆሜ ጠበቅኳቸው። ሲጨርሱ ተናገርኩ።

«እማማ፣ የጋለ ጨው የሰው እግር ላይ ያስራሉ እንዴ?»

«ልጄ፣ እኔ የነገርኳት ለጉልበቷ ነው። ጨርቁን ሦስት እጥፍ አድርጊው ብያታለሁ። ደግሞ ካቃጠላት አቃጠለኝ አትልም?»

«አልተሰማቸውም እኮ!»

«እሳት እንዴት አይሰማም?»

እዚህ ላይ ነገሩ ገባኝ። የእማማ ጥንቃቄ በሙሉ በአንዲት ቃል ላይ የቆመ ነው፤ «አቃጠለኝ» በምትለው ላይ። ታማሚው ካለ ያነሱታል፣ ካላለ ይተዉታል። ለሃያ ሰዎች ይሠራል። ሃያ አንደኛው ስኳር ያለበት ሰው ሲሆን ግን እግሩ አይናገርም። ዱቄትና ቅባት ቀብቶ ማሳጅ የሚሠራ የከተማ ባለሙያም፣ እናቱን ቤት ውስጥ የሚያሽ ልጅም የሚደገፈው በዚያችው ቃል ነው። ስለዚህ ሰውየው ዝም ቢልም የማያቃጥል ዕቃ ነው የምንፈልገው።

«እሺ ጨውን ተውኩት እንበል» አሉኝ እማማ። «በምን ላሙቀው ታዲያ? ያንተን ኪኒን ልስጥ?» መልስ አልነበረኝም። ምክንያቱም ሙቀቱ ራሱ ስህተት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ የኮክሬን ግምገማ በወገብ ሕመም ላይ ስለ ሙቀትና ቅዝቃዜ የተሠሩ 9 ጥናቶችን፣ በድምሩ 1117 ሰዎችን መርምሮ በቅርቡ ለጀመረ የወገብ ሕመም ሙቀት ለአጭር ጊዜ መጠነኛ ማስታገሻ እንደሚሆን አግኝቷል። ተዓምር አይሠራም፤ ግን ያስታግሳል። ማሸትንም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም መመሪያ ሊረዱ ከሚችሉት መካከል አስቀምጦታል። በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰው የወገብ ሕመም ነበረበት፤ ይህን ሁሉ ሰው በኪኒን ብቻ እንያዘው ብንል ጨጓራና ኩላሊት አይችለውም።

ስለዚህ ከእማማ ጋር ወደ ልብስ ሰፊው ሄድን። ከእህል ተራው ማዶ በረንዳ ላይ የእግር ሲንገሩን ዘርግቶ የሚሠራ ጎልማሳ ነው። ሩዝ የሚሞላበት ከረጢት እንደምፈልግ ስነግረው «ዶክተር፣ ለሩዝ ሱሪ ልስፋለት?» ብሎ ሳቀብኝ።

የመጀመሪያው ከረጢት ከሸፈ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ጨርቁን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ዋጋው ቀለል፣ ቀለሙ ደመቅ ያለውን። ስናሞቀው ላስቲክ ላስቲክ ሸተተና አንድ ጎኑ ተኮማትሮ ቀለጠ። ልብስ ሰፊው ከጨርቁ ጫፍ ክር መዞ በክብሪት አሳየኝ። እናንተም ጨርቅ ስትገዙ ይህን አድርጉ፦ ከጨርቁ ጥቂት ክር መዛችሁ ብረት ሳህን ላይ በእሳት ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ እንደተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ ሲነኩት የሚበተን አመድ ይተዋል። ሰው ሠራሽ ክር ግን ይቀልጣል፤ ጫፉ ላይ ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ይሠራል። የመስፊያ ክሩንም እንዲሁ ፈትኑት፤ ብዙ ሰው ጨርቁን ጥጥ አድርጎ ክሩን ይረሳዋል፤ ከዚያ ከረጢቱ በስፌቱ በኩል ይተረተራል። አሮጌ የጥጥ አንሶላ ወይም አቡጀዲ ከበቂ በላይ ነው። የአገር ባህል ልብስ ቁራጭ ካላችሁም ይሆናል፤ ጥለቱን ግን ቁረጡት፤ የሚያብለጨልጨው ክር ብዙ ጊዜ ጥጥ አይደለም።

ሁለተኛው አልቀለጠም። ግን አንድ ወጥ ረጅም ቱቦ ስለነበር ሩዙ ሁሉ ወደ አንድ ጫፍ ተንሸራቶ ትከሻ ላይ እንደ ድንጋይ ተንጠለጠለ፤ አንገቱ ጋ ባዶ ጨርቅ ብቻ ቀረ። ሦስተኛውን በክፍል በክፍል ሰፋነው፤ እሱ ነው የሠራው።

አሠራሩን እነሆ። ለአንገትና ትከሻ 52 በ34 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጨርቅ ቁረጡ። በርዝመቱ ሁለት አጥፉት፣ ውስጡን ወደ ውጭ አድርጋችሁ ረጅሙን ጎንና አንዱን ጫፍ ከጠርዙ 1 ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ ስፉ። ስፌቱ ድርብ ይሁን፤ አንዴ ብቻ የተሰፋ ከሆነ ሩዝ ሁልጊዜ መውጫ ቀዳዳ ያገኛል። ገልብጡት። አሁን 50 በ16 ገደማ የሆነ ቱቦ አላችሁ። በዓይናችሁ ለአራት ክፈሉትና በሳሙና ወይም በጠመኔ አስምሩ። የመጀመሪያውን ክፍል ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ሙሉ፣ ሩዙን ወደ ታች ገፍታችሁ መስመሩን ስፉበት፤ ከዚያ ቀጣዩን። መጨረሻ ላይ ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ዝጉት። ወደ 1 ኪሎ ሩዝ ይበቃችኋል። እስከ አፉ ከሞላችሁት አይታጠፍም፣ ከሰውነት ጋርም አይገጥምም፤ ሁለት ሦስተኛ ያልኩት ለዚያ ነው። ለወገብ ከሆነ 30 በ20 አድርጉት፣ ሦስት ክፍል።

ምን ይሞላ? እኛ የፎገራ ሩዝ ተጠቀምን፤ ቅርብም ነው፣ ሙቀትም ይይዛል። ማሽላና ስንዴም ይሆናሉ። ተልባ በጣም ልስልስና ለሰውነት የሚመች ነው፤ ዘይት ስላለው ግን ሲቆይ ይሸታል። ጤፍ አትሞክሩ፤ በስፌቱ መሀል ሾልኮ ያልቃል፣ በዚህ ኑሮ ደግሞ ያሳዝናል። ጨውና አሸዋ ግን ይቅሩ። ጨው ምጣድ ላይ ከመቶ ዲግሪ በላይ ያለ ገደብ ይግላል፣ ለረጅም ሰዓትም ሙቀቱን አይለቅም።

ከዚህ ከረጢት ላይ ሌላ ሽፋን ስፉለት፤ ልክ እንደ ትራስ ልብስ የሚወልቅ። ምክንያቱም ሩዙን ማጠብ አይቻልም፣ ሽፋኑን ግን ይቻላል። የሽፋኑን አፍ በማሰሪያ ዝጉት። ዚፕና የብረት ቁልፍ ይግላሉ፤ ማይክሮዌቭ ውስጥ ደግሞ የእሳት ብልጭታ ያስነሳሉ።

አንድ ያላሰብነው ችግር ነቀዝ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ እማማ ከረጢቱን ይዘው መጥተው «ሩዝህ ነፍስ ዘራ» አሉኝ። ከተማ ያላችሁ ሩዙን ከመሙላታችሁ በፊት አራት ቀን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት። ከሞላችሁት በኋላ ደግሞ በደረቅ ክዳን ባለው ዕቃ ያዙት፤ ስድስት ወር ሲሞላው አውጥታችሁ ቀይሩት።

አሁን ማሞቂያው። ማይክሮዌቭ ያላችሁ አንድ ብርጭቆ ውሃ አጠገቡ አስቀምጣችሁ ለ1 ደቂቃ አሙቁት፣ አውጥታችሁ አራግፉት፣ ካልበቃ 30 ሰከንድ ጨምሩ። ከ2 ደቂቃ አትለፉ። እህል በተደጋጋሚ ሲሞቅ ውስጡ ያለው እርጥበት ያልቃል፤ የደረቀ ከረጢት ማይክሮዌቭ ውስጥ እሳት ሊይዝ ይችላል። ቆሎ ቆሎ ከሸተተ ዕድሜው አብቅቷል፣ ጣሉት። ማይክሮዌቭ ለሌላችሁ አርብ ገበያ ያገኘነውን ዘዴ ልንገራችሁ፦ ድስት ውስጥ ውሃ አፍልታችሁ ክዳኑን ግጠሙት፣ ከረጢቱን ክዳኑ ላይ ዘርጉት፣ እያገላበጣችሁ 10 ደቂቃ አቆዩት። ከክዳኑ ሥር ያለው ውሃና እንፋሎት ስለሆነ እንደ ምጣድ እየጋለ አይሄድም። ሙቀቱ ራሱን የሚገድብ ዘዴ ይሻላል። ከረጢቱን እሳት ዳር ትታችሁ አትሂዱ።

ቆዳን የሚያቃጥለው ሙቀቱና ጊዜው ተደማምረው ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ሞሪትዝና ሄንሪከስ የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት 60 ዲግሪ የሆነ ነገር ቆዳን በ5 ሰከንድ ገደማ ያቃጥላል፤ 49 ዲግሪ ወደ 10 ደቂቃ ይፈልጋል። 44 ዲግሪ፣ ማለትም እጃችን ላይ «ደስ የሚል ሙቀት» የምንለው፣ ከቆዳ ጋር ለ6 ሰዓት ያህል ከተጣበቀ ያቃጥላል። ስለዚህ ይዞ መተኛት ክልክል ነው። ሃይላንድ ውስጥ የፈላ ውሃ ሞልታችሁ አቅፋችሁ የምትተኙ (ለወር አበባ ቁርጠት ብላችሁ፣ አውቃችኋለሁ!)፣ ሙቀቱ ቁርጠቱን ሊያስታግስ ይችላል፤ ፕላስቲኩ ግን ለፈላ ውሃ አልተሠራም፤ ሲለሰልስ ክዳኑ ይለቃል።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው፦ ክንዳችሁ ውስጠኛ ክፍል ላይ 10 ሰከንድ አሳርፉት፤ ሳትሸሹ ከቻላችሁት ይሆናል። የሚፈትነው አድራጊው እንጂ ታማሚው አይደለም። በልብስ ላይ ይደረግ፣ በባዶ ቆዳ አይሁን። ከረጢቱ ሰውየው ላይ ይሁን፤ ሰውየው ከረጢቱ ላይ አይተኛበት። 15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በየ5 ደቂቃው ከፍ አድርጋችሁ ቆዳውን እዩ።

ለሕፃን፣ ለሰከረ ሰው፣ የእንቅልፍ መድኃኒት ለወሰደ፣ እግሩ ወይም እጁ ለሚደነዝዘው ሰው አታድርጉ። ስሜት መኖሩን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። የኢፕስዊች የንክኪ ምርመራ የሚባል ቀላል ነገር አለ። ሰውየው ዓይኑን ይጨፍን። በሌባ ጣታችሁ ጫፍ የእግሩን አውራ ጣት፣ መካከለኛውንና ትንሿን ጣት በሁለቱም እግር፣ በጠቅላላው ስድስት ቦታ፣ በቀስታ ለ1 ወይም 2 ሰከንድ ንኩ። አትጫኑ፣ አትደባብሱ። በተነካ ቁጥር «ቀኝ»፣ «ግራ» ይበል። ከስድስቱ ሁለትና ከዚያ በላይ ካመለጠው ስሜቱ ቀንሷል ማለት ነው፤ ሙቀት እግሩ ላይ አይደረግም፣ የስኳር ምርመራም ይደረግለት። ይህን ለእማማ አሳየኋቸው። መጀመሪያ የፈተኑት እኔን ነው።

ከማሞቂያው ሌላ መሰፋት ያለባቸው ነገሮች ብዙም አያስቸግሩም። አንደኛው ጥቅልል ትራስ ነው። ሰው በጀርባው ሲተኛ ከጉልበቱ ሥር፣ በደረቱ ሲተኛ ከቁርጭምጭሚቱ ሥር ይገባል፤ ወገብ የሚያርፈው በእሱ ነው። አሮጌ ብርድ ልብስ አጥብቃችሁ ጠቅልሉ፣ 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሲኖረው በክር እሰሩት፣ የሚወልቅ የጥጥ ልብስ ስፉለት። የተበጫጨቀ ስፖንጅ መሙላትም ይቻላል፤ ግን ቶሎ ይተኛል።

ሁለተኛው የፊት ትራስ ነው። በደረቱ የተኛ ሰው አንገቱን ወደ ጎን አጣሞ ግማሽ ሰዓት ከቆየ ለወገቡ መጥቶ አንገቱን ታሞ ይሄዳል። ለዚህ የሚሸጠው ዕቃ ውድ ነው፤ ነገሩ ግን እንስራ የሚቀመጥበት ማቶት ነው። ይህን ያሉት እማማ ናቸው፤ እኔ በወረቀት ሥዬ ሳስረዳ ገርመም አድርገው አይተውኝ «ማቶት በለኛ!» አሉ። 80 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ወፈር ያለ የጨርቅ ቱቦ ስፉ፣ በጨርቅ ቁርጥራጭ ጠቅጥቁት፣ እንደ ፈረስ ጫማ አጥፋችሁ ጫፎቹን ክፍት ተዉአቸው። ግንባርና ጉንጭ ያርፍበታል፤ አፍና አፍንጫ በክፍቱ በኩል ይተነፍሳሉ።

ሦስተኛው ለሴት ደንበኞች የሚሆን ሽርጥ ነው። ከብብት እስከ ጉልበት የሚደርስ የጥጥ ጨርቅ፣ ከላይ ላስቲክ፣ ጎኑ ላይ የሚጣበቅ ማሰሪያ። ማሳጅ ቤት የሚፈሩ ብዙ ሴቶች የሚፈሩት መራቆቱን ነው። ልብሷ ላይ ሆኖ ማሸትም ይቻላል።

እነዚህ ልብሶች ለአንድ ሰው አንዴ ብቻ ናቸው። በ2008 ዓ.ም. ከድርቁ ጋር ተያይዞ እከክ በአማራ ክልል በሰፊው ተዛምቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ሽፋኖቹን በፈላ ውሃ እጠቡ፣ ፀሐይ ላይ አስጡ። መታጠብ የማይችለውን በፌስታል ቋጥራችሁ ለአንድ ሳምንት አስቀምጡት፤ የእከክ ተባይ ከሰው ቆዳ ውጭ ከጥቂት ቀናት በላይ አይኖርም። ስለዚህ ማሳጅ ቤት የምትከፍቺው እህቴ፣ ማሞቂያው ሁለት ቢሆን ሽፋኑ አሥር ይሁን።

እንዳትሰፉ የምመክራችሁም አለ፤ የወገብ ቀበቶ። የጠቀስኩት የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ቀበቶና ድጋፍ በመደበኛነት እንዳይሰጥ ይመክራል። እናቶቻችን መቀነት መታጠቃቸውን አልቃወምም፤ ለሕክምና ብሎ አጥብቆ መታሰር ግን ጥቅም የለውም። የባሰው ደግሞ የተሰበረ እጅና እግርን በጨርቅና በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር ነው። ስብራት ያብጣል፤ ማሰሪያው ግን አይሰፋም፤ ደም ይቆማል፤ እጅ ወይም እግር ይሞታል። በአገራችን ልጆች በዚህ ምክንያት እጃቸው ሲቆረጥ ኖሯል። ጉራጌ ውስጥ ያለው አጣጥ ሆስፒታል በአካባቢው ላሉ ወጌሾች ስለዚህ ጉዳይ ትምህርት ሰጥቶ የሚቆረጠው ሰው መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዙ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ ታትሟል። እኔ ይህን ሳነብ ነው እማማ ላይ መጮሄን ያቆምኩት። የታሰረ ሰው ካያችሁ ጣቶቹን ንኩ። ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ሕመሙም እየባሰ ከሄደ ማሰሪያውን እዚያው ፍቱትና ወደ ሆስፒታል ሩጡ። «ነገ ይፈታል» አይባልም።

መታሸት የሌለባቸው ሰዎችም አሉ። ነፍሰ ጡር ሆዷ አይታሽም፤ «ልጁን ለማስተካከል» ተብሎም ቢሆን። ለእሷ የሚሰፋው ከጉልበቶቿ መሀልና ከሆዷ ሥር የሚገባ ትራስ ነው፤ ከሰባተኛው ወር ወዲህ በጎኗ ትተኛ። የወገብ ሕመሙ ማታ የሚብስ፣ ትኩሳት፣ ሌሊት ማላብ ወይም መክሳት ያለው ሰው በምንም ዓይነት ጀርባው ላይ አትጫኑት። አንድ ወጣት ለአራት ወር ሲታሽ ቆይቶ እግሩ መክዳት ሲጀምር ነው የመጣልን፤ የአከርካሪ አጥንት ቲቢ ነበር። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ያቃተው፣ ወይም በጭኖቹ መሀል የሚደነዝዘው ሰውም በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት።

በመጨረሻ አንድ እግሩ ብቻ ያበጠ ሰው። እግር ውስጥ ያለ የደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ባት ያብጣል፣ ያማል፣ ይሞቃል። ሰው «ሥር ዞሮብኛል» ብሎ ሊታሽ ይመጣል። ከታሸ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድና በደቂቃዎች ሊገድል ይችላል። በተለይ በቅርቡ የወለደች፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ ለብዙ ቀን የተኛ ሰው ላይ ተጠንቀቁ። መለኪያው የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። ከጉልበቱ በታች ያለውን የአጥንት ጉብታ ፈልጉ፣ ከእሱ 10 ሳንቲ ሜትር ወርዳችሁ የሁለቱን ባት ዙሪያ ለኩ። ልዩነቱ ከ3 ሳንቲ ሜትር ከበለጠ አጥብቃችሁ ጠርጥሩ። ካነሰም ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ ሕመሙና እብጠቱ ካለ ይታይ።

ይህን ለእማማ ሳስረዳ ልብስ ሰፊው ከአንገቱ ሜትሩን አውልቆ ሰጣቸው። አገላብጠው አዩትና መለሱለት። ቁጥር አያነቡም። ነገሩ እዚያው የቀረ መስሎኝ ነበር።

ከወር በኋላ፣ አርብ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ አንዲት አራስ በቃሬዛ አመጡልን። ከወለደች አሥራ ሁለት ቀኗ ነው። ባሏ ከኪሱ አንድ ነጭ ክር አውጥቶ ሰጠኝ። «እማማ አላሽም አሉ። ይህን ለዶክተሩ ስጠው፣ እሱ ያውቃል ብለውኛል።»

ክሩ ሦስት ቋጠሮ አለው። ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው የግራ ባቷ፣ ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው የቀኝ ባቷ መሆኑ ነው። ሜትር ላይ ዘረጋሁት። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቋጠሮ መሀል 4 ሳንቲ ሜትር ተኩል አለ። ደም ማቅጠኛ ጀምረንላት በዚያው ምሽት ወደ ደብረ ታቦር ላክናት።